ጉልበት ያለው ሰው ሙቀት አይነካውምን?

የጤና ትምህርት

በጅቡቲ ከተማ የቆየ ሰው ሁሉ ያስተዋለው አንድ ነገር አለ። በታኅሣሥና በጥር፣ ማታ ማታ ከባሕሩ ነፋስ ሲነሣ፣ እዚህ ብዙ ዓመት የኖረው ሹራብ ደርቦ ይቀመጣል። ከደሴ ወይም ከደብረ ብርሃን ከመጣ ሳምንት ያልሞላው ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደጃፍ ላይ፣ በካናቴራ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። አንዱ ሌላውን «ታመሃል እንዴ?» ይለዋል። ሁለቱም ግን እውነታቸውን ነው።

በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው አንድ ሰው ከዚህ በፊት የሠራው ሥራ፣ ያደረገው የአካል እንቅስቃሴና የኖረበት አገር፣ ሙቀትና ብርድ የሚሰማውን ስሜት እንዴት እንደሚለውጡት ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከካምፕ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ወጣቶች «እኔ ገበሬ ነበርኩ፣ እኔ ወታደር ነበርኩ፣ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፣ ሙቀት ምን ያደርገኛል?» እያሉ በመጀመሪያው ቀን ከጧት እስከ ማታ ሸክም ይሸከማሉ። ጉልበታቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ይኸው ጉልበት የሚጎዳቸው ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ ቀጥለን እንመልከት።

ሰውነት ሙቀቱን ከየት ያመጣል?

የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ይህ ሙቀት የሚመጣው ከፀሐይ ብቻ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ፣ ከምግብ ካገኘው ኃይል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ከአምስት አንድ ወይም ከአራት አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ በጥላ ውስጥም ቢሆን ከባድ ሸክም የሚሸከም ሰው በውስጡ ምድጃ እያነደደ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሙቀት ሰውነት የሚያስወግደው በተለይ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ልብ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ልኮ ሙቀቱ ወደ አየር እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ላብ ነው። የአየሩ ሙቀት ከቆዳ ሙቀት ማለትም ከ35 ዲግሪ ያህል ሲበልጥ የመጀመሪያው መንገድ ይዘጋል፤ እንዲያውም አየሩ ራሱ ሰውነትን ያሞቃል። በጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ወር ቀኑ 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ የሚቀረን መሣሪያ ላብ ብቻ ነው።

ላብ የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲደርቅ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ቢተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ መሬት ላይ የወደቀ ላብ ግን ውሃና ጨው ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ ሲነፍስ ላብ ቶሎ ይደርቃል፤ ሰው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ ግን አይታወቀውም። ከባሕር የሚመጣ ወበቅ ሲሆን ደግሞ ልብስ ይረጥባል እንጂ ሰውነት አይቀዘቅዝም። በዓሊ ሳቢህ በኩል ባሉት በዓሊ ዓዴና በሆልሆል ካምፖች የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ልዩነት ታውቁታላችሁ። ዓሊ ሳቢህ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ከዚያ አካባቢ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው አዲስ የሙቀት ዓይነት ይገጥመዋል።

የአካል ብቃት ምን ይጠቅማል?

አዘውትሮ የሚሮጥ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ወይም በጉልበቱ የሚሠራ ሰው ከማይንቀሳቀስ ሰው በሚከተሉት ይለያል።

1ኛ/ ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል። ስለዚህ ለጡንቻም ለቆዳም የሚበቃ ደም ይኖረዋል።

2ኛ/ በደም ሥሩ ውስጥ ያለው የደም ፈሳሽ መጠን ይበልጣል።

3ኛ/ ላቡ ቶሎ ይጀምራል። የውስጥ ሙቀቱ ብዙ ከፍ ሳይል ማቀዝቀዝ ይጀምራል ማለት ነው። «ቶሎ የሚያልበው ሰው ደካማ ነው» የሚለው አባባል ስለዚህ ትክክል አይደለም።

4ኛ/ ያው 50 ኪሎ ጆንያ ለእርሱ ከአቅሙ ግማሽ ሲሆን፣ ላልለመደው ሰው ሙሉ አቅሙን ሊጠይቅ ይችላል። በመሆኑም በአንድ ሥራ ላይ ሳሉ አንዱ «ሞቀኝ» ሲል ሌላው ገና ነው።

የሰውነት አቋምም ድርሻ አለው። ስብ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀት ያፍናል። ወፍራም ሰው በሙቀት የሚቸገረው በዚህና የራሱን ክብደት ጭምር ስለሚሸከም ነው። ቀጭን ሰው ሙቀትን በቀላሉ ያስወጣል፤ በብርድ ጊዜ ግን ቶሎ ይበርደዋል።

ብቃት ብቻውን ግን አይበቃም

በዓለም ላይ ከሁሉ የላቀ የአካል ብቃት ካላቸው ሰዎች መካከል የአገራችን የማራቶን ሯጮች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2019 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን፣ እንደ ጅቡቲ በባሕር ዳር ባለችው ሞቃት ከተማ በዶሃ ተካሄደ። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ የተጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ያም ሆኖ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሮዛ ደረጄ፣ ሩቲ አጋና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ሩቲ አጋ በዚያው ዓመት የቶኪዮን ማራቶን ያሸነፈች ነበረች። እነዚህን ሴቶች ሰነፎች ወይም ደካሞች ሊላቸው የሚደፍር ማነው?

ከጥቂት ቀናት በኋላ የወንዶቹ ማራቶን በቀለል ያለ አየር ሲካሄድ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ አሸነፈ፤ ሞስነት ገረመው በ4 ሰኮንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ሞስነት በዚያው ዓመት ለንደን ላይ 2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ55 ሰኮንድ ሮጦ ነበር። በሻምፒዮና ውድድር ፍጥነቱ እንደ ውድድሩ አካሄድ ቢለያይም፣ በሙቀት ውስጥ የሚሮጥ ብልህ ሯጭ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በደጋ የተገኘ ጥንካሬ ለአቀበትና ለስስ አየር ያዘጋጃል፤ ለወበቅ ግን ሙሉ በሙሉ አያዘጋጅም። እንዲያውም ጠንካራ ሰው አንድ ተጨማሪ አደጋ አለበት። ደካማው ቶሎ ስለሚደክመው ቁጭ ይላል። ጠንካራው ግን መግፋት ስለሚችል ይገፋል፤ በገፋ መጠንም በውስጡ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። በሥራ ላይ የሚመጣው የሙቀት ምት ወጣት ወታደሮችንና ሯጮችን የሚመታው ስለዚህ ነው።

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥተው በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ በእግር የሚጓዙት ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ አቀበት የወጡና ያረሱ ናቸው። በዚያ በረሃ በውሃ ጥም ያለቁት ጉልበት አንሷቸው አይደለም። በሙቀት ውስጥ የሚጓዝ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዞ የተነሣ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ በምን ይተካዋል? 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.2 ሊትር ያህል ውሃ ብቻ ሲጎድለው አቅሙ መቀነስ ይጀምራል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይህን መንገድ በእግር ለመሄድ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ይህን ሒሳብ እንድታሳዩት አደራ እንላለን።

ሰውነት አገሩን የሚለምደው እንዴት ነው?

የምሥራች ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰው ልጅ ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። ሰው በየቀኑ በሙቀት ውስጥ እየሠራ ሲያልበው የሚከተሉት ለውጦች በቅደም ተከተል ይታያሉ።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ እስከ አንድ ሳምንት ድረስ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፤ በሥራ ላይ የልብ ትርታው ይቀንሳል፤ ራስ ማዞሩ ይተወዋል። ከዚያ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ላቡ ቶሎ ይመጣል፣ ይበዛል፣ ጨውነቱም ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሸሚዝ ላይ የሚታየው ነጭ የጨው ምልክት እየቀነሰ የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። በአጠቃላይ ከ7 እስከ 14 ቀናት ይበቃሉ። የአካል ብቃት ያለው ሰው ከሌላው ፈጥኖ ይለምዳል። የቀድሞ ጉልበት ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ የልምዱን ጊዜ ያሳጥራል፤ ልምዱን ግን አያስቀርም።

በጥላ ተኝቶ መዋል ብቻውን ይህን ልምድ አያመጣም። ሰውነት የሚማረው እየሠራ፣ ግን በልክ እየሠራ ነው። በደቡብ አፍሪካ ጥልቅ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ሙቀቱና እርጥበቱ ሰው ይገድል ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ ሠራተኞች ለከባድ ሥራ ወደ ጥልቁ ከመላካቸው በፊት ሙቀት እንዲለምዱ ይደረግ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የዚህ አገር ተወላጆች በእኩለ ቀን ሥራ አቁመው ማረፋቸውን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ ከደጋ የመጡ ሰዎች አሉ። ስሕተት ነው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ሂሮሺማ ላይ የዓለም ማራቶን ዋንጫን ያሸነፈውን፣ በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘውን አህመድ ሳላህን ያፈራች አገር ናት። በእኩለ ቀን ማረፍ አገሩን የሚያውቅ ሰው ጥበብ ነው።

የተለመደው ሲቋረጥስ?

ይህ ልምድ እንደ ጠባሳ ሁልጊዜ አብሮ አይኖርም። ሰው ሙቀቱን ሲሸሽ ወይም ሥራ ሲያቆም ከሳምንት በኋላ መቀነስ ይጀምራል፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜም አብዛኛው ይጠፋል። የአካል ብቃትም ቢሆን በሥራ ፈትነት ይቀንሳል። ይህ በተለይ የሚመለከተን በካምፕ የምንኖረውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደብ ላይ ኮንቴይነር ያራግፍ የነበረ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ በድንኳን ጥላ ሥር ከዋለ፣ ዛሬ እንደ አዲስ ገቢ ነው። ወሩን ሙሉ ታሞ የተኛ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሲሠራ የቆየ፣ ወይም ወደ አገር ቤት ሄዶ ወር የቆየ ሰውም እንዲሁ ነው። «እኔ የድሮ ነኝ» ማለት አያድንም።

ብርድ የሚሰማው ማነው?

ሰውነት ከብርድ ይልቅ ሙቀትን የመልመድ ችሎታው ይበልጣል። ብርድን የምንከላከለው በአብዛኛው በልብስ፣ በምግብና በእንቅስቃሴ ነው። ጡንቻ ያለው ሰው ቁጭ ብሎም ቢሆን ከቀጭኑ የበለጠ ሙቀት ያመነጫል፤ ሲንቀጠቀጥም ጡንቻው ያሞቀዋል። በምግብ እጥረት ጡንቻው የሳሳ ሰው፣ ደም ያነሳት እናትና አረጋውያን ግን ሌላው ሳይበርደው ይበርዳቸዋል። 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለችው ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ሌላ ደጋ የሚመለሱ ስደተኞች ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጋቢና ብርድ ልብስ ማዘጋጀት አለባቸው።

አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ እየሞቀው አንድ ሰው በድንገት ብርድ ብርድ ካለውና ከተንቀጠቀጠ፣ ይህ የአካል ብቃት ጉዳይ አይደለም። ትኩሳት እየጀመረው ሊሆን ይችላል። በከተማ ውስጥ የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከዚያም ወዲህ ወባ በአገሩ በእጅጉ ተስፋፍቷል። እንዲህ የሆነ ሰው ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር።

ምን እናድርግ?

1/ አዲስ ሠራተኛ ሥራውን በጥቂቱ ይጀምር። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው ልክ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው የሥራ ጊዜ 20 በመቶውን ብቻ በሙቀት ውስጥ እንዲሠራ፣ ከዚያ በየቀኑ 20 በመቶ እንዲጨምር ነው። በ8 ሰዓት ሥራ ሲታሰብ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ሥራውን ቀድሞ የሚያውቅና ከዕረፍት የተመለሰ ሰው ደግሞ በ50 በመቶ ጀምሮ፣ በ60 እና በ80 አልፎ፣ በአራተኛው ቀን ሙሉ ቀን ይሠራል።

2/ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው በቀን ስለሆነ «አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ እሠራለሁ» ሊል እንደማይችል እናውቃለን። እንጀራ ነውና። ስለዚህ አብረው የሚሠሩ ወገኖች ይተሳሰቡ። ለአዲሱ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት መቁጠሩን፣ ማሰሩንና በጥላ ያለውን ሥራ ተዉለት። ከባዱን ሸክም በየተራ አድርጉት። አዲሱም ሰው ይህን እንደ ውርደት አይቁጠረው።

3/ ሥራ ከመገኘቱ በፊት ሰውነትን ማዘጋጀት ይቻላል። በካምፕ ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ጀምሩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አድርሱት። ፀሐይ በሚያቃጥልበት በእኩለ ቀን ሳይሆን፣ ረፋድ ላይ ወይም ወደ ማምሻው፣ ሰውነት በሚያልበው ሰዓት ይሁን።

4/ በሥራ ላይ በየ15 እና በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ውሃ እስኪጠማ አትጠብቁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ አትጠጡ። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃ አንሷል ማለት ነው። በደንብ የሚመገብ ሰው የጨው እንክብል አያስፈልገውም። ብዙ ካላበ ወይም ካስቀመጠው፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ይጠጣ።

5/ ጫት ድካምን ያስረሳል፤ የልብ ትርታንና የሰውነትን ሙቀትም ከፍ ያደርጋል። ድካም ደግሞ «አቁም» የሚል የሰውነት ደወል ነው። ደወሉን ዘግቶ በፀሐይ መሥራት አደገኛ ነው። መጠጥም የሰውነትን ውሃ ያወጣል።

6/ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚውለው ይህ አገር በሚነድበት ወር ነው። ረመዳንም በእነዚህ ወራት ላይ የሚውልባቸው ዓመታት አሉ። የሚጾም ሰው ሌሊት በቂ ውሃ ይጠጣ፤ ከባድ ሥራውን በማለዳ ይጨርስ። የታመመና ነፍሰ ጡር የሆነች የሃይማኖት አባቶችንና ሐኪምን ያማክሩ።

7/ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶችም እንዳይዘነጉ። ምጣድ አጠገብ መዋልና በደረጃ ውሃ ማውጣት ከሸክም አያንስም። ሴቶችም ሙቀቱን የሚለምዱት በዚሁ መንገድ ነው።

የአደጋ ምልክቶች

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ሲጀምር ሥራ ይቁም፤ ሰውዬው በጥላ ይረፍ፤ ውሃም ይጠጣ። ንግግሩ ከተዛባ፣ ከተንገዳገደ፣ የሚያደርገውን ካላወቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሙቀት ምት ነው። የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ሰውነቱ በላብ መርጠቡ ከአደጋው ነጻ አያደርገውም። መኪና እስኪመጣ ቆማችሁ አትጠብቁ። ወደ ጥላ አውጡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ መላ ሰውነቱን በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ፣ በካርቶንም ሆነ በሽርጥ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አታፍስሱ። ማቀዝቀዙን ሳታቋርጡ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ፔልቲዬር ሆስፒታል አድርሱት።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ጉልበት ብዙ ነገር በጠፋበት ጊዜ የቀረልን ሀብት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቆጥበን ብንጠቀምበት ለብዙ ዓመታት ያበላናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በደብረ ብርሃን ያረሰ ጠንካራ ገበሬ በጅቡቲ ከተማ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን መሸከም የማይገባው ለምንድን ነው? ጥንካሬው በምን ይጠቅመዋል?

2. ከሥራ ወር ያህል የራቀ የቀድሞ የወደብ ሠራተኛ ሲመለስ እንዴት መጀመር አለበት?

3. አብሯችሁ የሚሠራ አዲስ ሰው አለ? በዚህ ሳምንት የትኛውን ሥራ ልትቀበሉት ትችላላችሁ?

4. ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ የአደጋ ምልክቶችን በቃል ንገሯቸው። ሰምተው መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ።